ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚደውል ደወል

እናንተ ሽማግሌ ልካችሁ ታውቃላችሁ? ካወቃችሁ፣ ሽማግሌዎቹ ሰው ቤት ቆመው ሲለምኑላችሁ እናንተ የት ነበራችሁ? ይህን ጥያቄ ላገኘሁት ባለትዳር ሁሉ አቅርቤዋለሁ። አንዱ ሆዴን ቆርጦኝ ተኛሁ አለኝ። ሌላው ፀጉር አስተካካይ ቤት ገብቼ፣ ሐሳቤ እዚያ ስለነበር፣ ራሴን ሙልጭ ተደርጌ ተላጭቼ ወጣሁ አለኝ። እኔ የጠበቅሁት በጎረቤት ጓዳ ውስጥ፣ የመኪና ባትሪ በእግሮቼ መሀል አስቀምጬ፣ ከክብሪት ቀፎ በምታንስ ጥቁር ነገር ላይ ዓይኔን ተክዬ ነው። በዚህ የሚስተካከለኝ እስካሁን አልተገኘም።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳር በቀበሌ፣ ወሬ በሹክሹክታ የሚታደልበት። እኔ ከቼኮዝሎቫኪያ ኤሌክትሮኒክስ ተምሬ የተመለስኩ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተበላሸ ቴሌክስ የምጠግን ጎረምሳ ነበርኩ። በዚያን ጊዜ ከዚያ አገር የሚመለስ ሰው አንድም ብርጭቆ ይዞ ይመጣል፣ አንድም ሚስት። እኔ በካልሲ የተጠቀለለች ማይክሮኮንትሮለር ይዤ መጣሁ። ማይክሮኮንትሮለር ማለት ትንሽ ኮምፒዩተር ናት። ያዘዟትን ትቆጥራለች፣ ትጠብቃለች፣ ትወስናለች፤ የማታውቀው ለምን እንደምታደርገው ብቻ ነው። በዚህ በዚህ እኔን ትመስል ነበር። ጉምሩክ ላይ ፈታሹ ከካልሲው መዝዞ አወጣትና ምንድን ናት አለኝ። ኮምፒዩተር ናት ስለው ካልሲውን ገልብጦ አራገፈና፣ «ታዲያ ቴሌቪዥኑስ?» አለ።

ያቺ ቺፕ ሥራ ፈታ ቁም ሣጥኔ ውስጥ ስትኖር ስትኖር፣ እኔ ማርታን ወደድኩ። የዚያን ቀን ቺፗም ሥራ አገኘች ማለት ነው፤ እኛ ግን ገና አላወቅንም።

ማርታ የሾላው የእህል ነጋዴ የአቶ ማቴዎስ ልጅ ናት። ቤታቸው ከሲግናል ሽቅብ፣ ባሕር ዛፉ ከሚጀምርበት ከተራራው ግርጌ ነው። አቶ ማቴዎስ በልጅነታቸው ከከምባታ መጥተው፣ ጆንያ ተሸክመው ጀምረው ጆንያ ወደ ማሸከም የደረሱ፣ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ናቸው። «እሺ» የምትለዋን ቃል እንኳ እንደሚገዙት ጤፍ ዘግነው፣ አሽትተው፣ ወደ ብርሃን አቅርበው ካላዩ አይለቋትም። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ በዚያ ዘመን እንደነበረው መዝሙራቸውን ድምፅ ዝቅ አድርገው የሚዘምሩ። እኔ ደግሞ የጽዋ ማኅበር የማይቀርባት እናት ልጅ ነኝ። እንግዲህ አቶ ማቴዎስ እኔን ዘግነው ቢያሸቱኝ ምን እንደሚሉ እግዜር ይወቅ።

በዚህ ላይ መሥሪያ ቤቴ አሰብ መደበኝ። ልሄድ የቀረኝ አንድ እሁድ ብቻ ነው። ሽማግሌዎቼን «ሌላ ቀን ተመለሱ» ካሏቸው አለቀልኝ፤ ሌላ ቀን እኔ ቀይ ባሕር ዳር ላቤን እየጠረግሁ ነው። ማርታ ደግሞ ዝም ብላ የምትጠብቅ ብትሆንም፣ ዝም ብለው የማይጠብቁ ሌሎች ሽማግሌ ላኪዎች ሾላ ሞልተዋል።

መቼም ወጉን ታውቁታላችሁ። ሽማግሌ ሰው ቤት ሲገባ አይቀመጥም። ባለቤቱ «ኧረ ተቀመጡ» ይላል፤ እነሱ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ይላሉ። የመጡበትን ይናገራሉ፤ ባለቤቱ ያስባል፣ ያስላል፣ ጣሪያ ያያል። እሺ ካለ ይቀመጣሉ። ካላለ እንደቆሙ ይወጣሉ። ስለዚህ የአንድ ሰው ዕድሜ ልክ የሚወሰነው በሦስት ሽማግሌዎች መቀመጫ ነው ቢባል አልተጋነነም። እኔን ያስጨነቀኝ የመጀመሪያው ሽማግሌዬ፣ አጎቴ ጋሽ ተሰማ፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው መሆኑ ነው። ጋሽ ተሰማ አንደበታቸው ማር ነው፤ ጉልበታቸው ግን ከወንበር ከራቀ ልቅሶ ይጀምራል።

ሐሳቡ የመጣልኝ ቴሌክስ ስፈታ ነው። በአቶ ማቴዎስ ሳሎን ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚፈቀድ፣ ክንዱ ላይ ዳንቴል የለበሰ ረጅም ሶፋ አለ። ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው ክንድ፣ ልክ ከመቀመጫው ከፍ ብሎ፣ ዓይን የማያየው የኢንፍራሬድ ብርሃን ቢሄድስ? በወዲያኛው ክንድ ላይ ራሴ የሠራሁት ተቀባይ ብርሃኑን ይጠብቃል። ሽማግሌ ሲቀመጥ ብርሃኑ ይቋረጣል። ተቀባዩ ያንን በቀጭን ሽቦ አጥር አሻግሮ ለቺፗ ይነግራል፣ ቺፗ ደወል ትደውላለች፣ እኔ ደስታዬን ከማንም በፊት እሰማለሁ! በደስታ ቴሌክሱን ሳልገጥም ወጥቼ ሮጥኩ።

የሮጥኩት ወደ እትዬ በለጡ ነው። እትዬ በለጡ የነማርታ የአጥር ጎረቤት፣ የሰፈሩ ሠርግ ያለ እሳቸው እልልታ የማይደምቅ፣ የእኔና የማርታን ነገር ከመጀመሪያው ጀምሮ የሚያውቁ መበለት ናቸው። ጓዳቸውን እንዲሰጡኝ ለመንኳቸው፤ ማሽኑንም አስረዳሁ። አገጫቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

«ቆይ እስቲ፣» አሉኝ። «ማርታ በጓዳ መስኮት ነጠላዋን ወዝወዝ ብታደርግልህስ?»

ጥያቄው ልክ ነበር። እንዲያውም ዛሬ ሳስበው ሌላ ምንም የሚያስፈልግ ነገር አልነበረም። እኔ ግን፣ «እትዬ፣ እኔ እኮ ቼኮዝሎቫኪያ ነው የተማርኩት፣» አልኳቸው።

«እሱስ ያስታውቃል፣» አሉ እትዬ በለጡ።

ተቀባዩን መሥራት ቀላል ነበር፤ አስቸጋሪው ማብላቱ ነው። ተቀባይ እንደ ሰው ነው፣ አይቶ የሚፈርደው ሲበላ ነው። አምስት ቮልት ገደማ፣ የማይንቀጠቀጥ፣ ንጹሕ ኤሌክትሪክ ይፈልጋል። የማይንቀጠቀጥ ነገር ደግሞ በዚያ ዘመን ከየት ይመጣል?

መጀመሪያ ግን ምን ያህል እንደሚያይ ልሞክረው ብዬ ወደ ባሕር ዛፉ ወጣሁ። የብርሃኑን ላኪ አንድ ዛፍ ላይ፣ ተቀባዩን ሌላ ዛፍ ላይ አሰርኩ። በመሀል እጄን አሳለፍኩ፤ ምንም የለም። ሁለት እጄን አሳለፍኩ፤ ምንም። ኮቴን አውልቄ አራገብኩ፤ ምንም። ለካ ፀሐይዋ ራሷ ኢንፍራሬድ ሞልታ ተቀባዩን አጥግባዋለች፤ የእኔን ጉርሻ ከየት ይለየው! እኔ ይህ ሳይገባኝ ኮቴን እያወናጨፍኩ ስዘል፣ የቀበሌው አብዮት ጠባቂ ጓድ ሽብሩ ጠመንጃውን አንግቶ ከኋላዬ ቆሟል።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ብርሃን እያቋረጥኩ ነው።»

«የታለ ብርሃኑ?»

«አይታይም።»

ጓድ ሽብሩ ዛፎቹን አየ፣ እኔን አየ፣ ኮቴን አየ። «ጴንጤ ነህ እንዴ?»

«ኧረ አይደለሁም! ሽማግሌ ልልክ ነው እንጂ።»

«ወዴት?»

«እዚያ ታች። ጴንጤዎች ቤት።»

ጓድ ሽብሩ ቁልቁል ወደ ነማርታ ቤት አየ። ከዚያ ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና፣ «ሁለተኛ ዛፍ ስታነጋግር እንዳላገኝህ፣» ብሎኝ ሄደ። ተቀባዩን በኪሴ ይዤ ቁልቁል ስወርድ ግን አንድ ነገር ተምሬያለሁ። ሳሎን ውስጥ ፀሐይ የለም፣ ስለዚህ ማሽኔ ይሠራል!

ቀጥሎ በእትዬ በለጡ ጓዳ መብራት ሞከርኩት። ከአሮጌ ሬዲዮ በፈታሁት ትራንስፎርመር የግድግዳውን መብራት አሳንሼ ለቺፗም ለተቀባዩም አበላሁ። ሠራ! እጄን ሳሳልፍ ደወሏ ቅጭል አለች፤ እትዬ በለጡ አማተቡ፤ የእትዬ በለጡ ውሻ ቡቺ አንገቱን ወደ ሰማይ ሰቅሎ «ኡኡኡ» ብሎ አላዘነ። ቡቺ ለማንም የማይጮህ ሰነፍ ውሻ ነበር፤ ያቺ ደወል ግን ምኑን እንደነካችበት እንጃ፣ በደወለች ቁጥር የሞተበት ይመስል ነበር የሚያለቅሰው።

ችግሩ ከመንገድ ማዶ ወፍጮ ቤት መኖሩ ነው። ወፍጮው ሲነሣ የሰፈሩ አምፖል ሁሉ ይጠወልጋል፤ ከአምፖሉ ጋር የእኔ ተቀባይም ይጠወልጋል፤ ደወሏ ትደውላለች፣ ቡቺ ያላዝናል። በማግስቱ ከሥራ ስመጣ እትዬ በለጡ ራሳቸውን በሻሽ አስረው በር ላይ ጠበቁኝ።

«ልጄ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬ መጡ እንዴ?»

«ኧረ እሁድ ናቸው እትዬ።»

«ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ የሚቀመጠው ማነው?»

«ወፍጮው ነው፣» አልኳቸው በሐፍረት።

ስለዚህ መብራቱን ተውኩ። ለቺፗና ለደወሏ ከአንድ ጋራዥ ያረጀ የመኪና ባትሪ ለምኜ ተሸክሜ አመጣሁ። ከዚያ ኤሌክትሪክ በቀጭኗ ሽቦ አጥር አሻግሬ ለተቀባዩም ልልክ ብሞክር፣ ደወሏ በደወለች ቁጥር ጉልበቱን ትስብበታለች፤ ተቀባዩ ሲደክም ብርሃን የተቋረጠ ይመስለዋል፤ ብርሃን ተቋረጠ ሲል ደወሏ እንደገና ትደውላለች፤ እንዲህ እያሉ እርስ በርስ ሲካሰሱ ቡቺ ድምፁ ተዘጋ። ተቀባዩ የራሱ ድንጋይ ያስፈልገዋል፤ የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው። ድንጋይ ደግሞ ያን ሰሞን ከቀበሌው ሱቅ ከጠፋ ከራርሟል።

ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ሲሞቅ ነፍስ እንደሚዘራ ታውቃላችሁ። እኔም የሰፈሩን ሬሳ ድንጋይ ሁሉ ሰብስቤ ከእትዬ በለጡ በርበሬ ጎን አሰጣሁት። ነፍስስ ዘርቶ ነበር፤ ግን አንዴ ሲደውል ደክሞት ይተኛል። በዚያ ላይ የበርበሬው ብናኝ ማሽኑ ውስጥ ገብቶ፣ ክዳኑን በከፈትኩ ቁጥር እኔም ማርታም እትዬ በለጡም ተራ በተራ እናነጥሳለን።

መፍትሔው ከማርታ መጣ። አርብ ዕለት በአጥሩ ቀዳዳ፣ «የአባዬ ሬዲዮ አለ አይደል፣» አለችኝ። «አራት ትልልቅ ድንጋይ ነው የሚይዘው። አዲስ ናቸው፤ የጭነት ሾፌር ከአሰብ ነው ያመጣላቸው።»

«ቢፈልጓቸውስ?»

«ቀን ሬዲዮ አይከፍቱም። ማታ ማታ መኝታ ቤት ገብተው፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው የውጭውን ዜና ብቻ ነው የሚሰሙት። እስከዚያ ሽማግሌዎችህ ጨርሰው ይሄዳሉ።»

አያችሁ፣ ሁለታችንም ያላማከርነው ሰው ጋሽ ተሰማን ነው። ጋሽ ተሰማ አንድን ነገር ሲጀምሩ ከአዳም ነው የሚነሡት።

እሁድ ደረሰ። ማርታ ድንጋዮቹን ከሬዲዮው አውጥታ፣ በፕላስተር ያሰርኩላትን ማሽን ዳንቴሉ ሥር ደበቀች፤ ሽቦውን በመስኮት አውጥታ በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ አጠማዘዘችው። እኔ ከማዶ ተቀብዬ ከቺፗ ጋር አገናኘሁ። አዳዲሶቹ ድንጋዮች ተአምር ሠሩ፤ መንቀጥቀጥ የለ፣ ማነጠስ የለ። ሦስቱ ሽማግሌዎች ነጠላቸውን አጣፍተው ሲገቡ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ስለ ማሽኑ አንዳቸውም አያውቁም። ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ!

ጠበቅሁ። እትዬ በለጡ እልልታቸውን ጉሮሯቸው ላይ አዘጋጅተው አጠገቤ ተቀመጡ። ቺፗም ዝም፣ ደወሏም ዝም። ፀሐይዋ ወደ ተራራው አዘቀዘቀች። «ጎሽ፣ አልወጡም ማለት እኮ ጥሩ ነው፣» ይሉኛል እትዬ በለጡ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «ይኸን ያህል ከቆዩማ ተጣልተው ይሆናል፣» ይሉኛል።

በዚያኛው ቤት የሆነውን ማርታ ከመጋረጃ ጀርባ ሆና አይታ ኋላ ነገረችኝ። ጋሽ ተሰማ ከአዳም ተነሥተው፣ በኖኅ በኩል አድርገው፣ ሲመሽ እኔ ዘንድ ደረሱ። አቶ ማቴዎስ ሰሙ፤ አሰቡ፤ ጣሪያ አዩ። ከዚያ የግድግዳ ሰዓቱን አዩና፣ «ትንሽ ታገሡኝ፤ እስከዚያ ተቀመጡ፣» ብለው መኝታ ቤት ገቡ። ሽማግሌዎቹ አልተቀመጡም። የጋሽ ተሰማ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀምሯል።

አቶ ማቴዎስ ሬዲዮናቸውን ቢከፍቱት ዝም። ቢመቱት ዝም። ጀርባውን ሲከፍቱት ባዶ! ወጥተው ልጃቸውን፣ «ማርታ፣ ድንጋዮቼስ?» አሏት። የማርታ ዓይን ሳታዘው ወደ ሶፋው ሄደ። አባት የልጃቸውን ዓይን ተከትለው ዳንቴሉን ገለጡ። አራቱ ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ሽቦ ከላይም ከታችም ተጠምጥሟል።

ደም በፊታቸው አልቀረም። በዚያ ዘመን ቤታችሁ ውስጥ ሽቦ ብታገኙ ምን ይመስላችሁ ነበር? የሚሰማ ጆሮ ነዋ! ቀስ ብለው ወደ ሦስቱ ሽማግሌዎች ዞሩና፣ «ለካ አንቀመጥም ስትሉ የነበረው ለዚህ ነው፣» አሉ። «ምን እንዳለበት ታውቁ ነበራ!»

ጋሽ ተሰማ ደግሞ ሽቦውን ሲያዩ በድንጋጤ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄዱ። «ለካ ከገባን ጀምሮ ተቀመጡ ተቀመጡ የሚሉን በዚህ ላይ ኖሯል! እኛ ልጅ ልንለምን እንጂ ልንፈነዳ መጣን እንዴ?»

አቶ ማቴዎስ በንዴት ከድንጋዮቹ አንዱን መንጭቀው አወጡ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቺፗን ሳዛት፣ ከተቀባዩ «ብርሃን አለ» የሚል ወሬ ከተቋረጠ ደውዪ ነበር ያልኳት። የወሬ መቋረጥ ሁሉ ሽማግሌ መስሎኝ። ለቺፗ ድንጋዩ የተነቀለ ተቀባይና በክብር የተቀመጠ ጋሽ ተሰማ አንድ ናቸው። ደወሏ ቅጭል አለች!

እትዬ በለጡ ሰማይ የሚያናጋ እልልታ ለቀቁ። ቡቺ አላዘነ። እኔ አልቅሼ ነው ስቄ ነው አላውቅም፤ የቆርቆሮ አጥሩን ዘልዬ፣ የሱሪዬን ቁራጭ እዚያው ትቼ፣ በርሬ ሳሎን ገባሁና አቶ ማቴዎስ ጉልበት ላይ ወደቅሁ። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ አባቴ! አላሳፍርዎትም!»

ቀና ስል አቶ ማቴዎስ እንደ ቦምብ የጨበጡትን ድንጋይ አየሁ። ዞር ስል ሦስቱም ሽማግሌዎች ቆመዋል። በኋላዬ እትዬ በለጡ እልል እያሉ ገቡ፤ ፊታችንን አይተው እልልታውን መሀል ላይ አቋረጡት። ከማዶ ቡቺ ብቻ አላቋረጠም፤ ድንጋዩ እስካልተመለሰ ደወሏ እየደወለች ነዋ።

ከእትዬ በለጡ ኋላ ደግሞ ማን ገባ? ጓድ ሽብሩ ከነጠመንጃው።

«ይህ ስብሰባ ምንድን ነው?»

«ሽምግልና ነው፣» አሉ ጋሽ ተሰማ።

ጓድ ሽብሩ ሽማግሌዎቹን ከላይ እስከ ታች አያቸው። «ቆማችኋል።»

«ቆመናል።»

«ከቆማችሁ አልተፈቀደም ማለት ነው። ካልተፈቀደ እልልታው የምንድን ነው?» ወግ የሚያውቅ ሰው ነበር፤ ጥያቄው መውጫ አልነበረውም። ከዚያ ሽቦውን አየ፤ እኔን አየ፤ ለየኝ። «አንተ የማይታየው ብርሃን! ይኼ ሬዲዮ መገናኛ ነው። ሁላችሁም ወደ ቀበሌ!»

አቶ ማቴዎስ ፊታቸው አመድ መሰለ። የእሳቸው ቤት ሰው ቀበሌ ከገባ ጉዳዩ ሽቦ ላይ እንደማይቆም እዚያ ያለ ሁሉ ያውቃል። ማርታ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ግን ስፈራ ምላሴ ይፈታል። ሁሉንም አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ካልሲውን፣ ወፍጮውን፣ በርበሬውን፣ አሰብን። «መገናኛ አይደለም። ሽማግሌዎቹ ሲቀመጡ እንድሰማ ብዬ ነው። መጠበቅ አልቻልኩም፤ ማርታን እወዳታለሁ፣ ሌላ ምንም የለበትም!»

ጓድ ሽብሩ አገጩን አከከ። «እውነትህን ከሆነ አሳየኝ። ይቀመጡና ይደውል።»

ሁላችንም ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርን። የጋሽ ተሰማ ጉልበት ከነጠላቸው ሥር እየተንቀጠቀጠ ሶፋው እጃቸው አጠገብ ነው። እኔ ብሆን ሳልጠራ እወድቅበት ነበር። እሳቸው ግን ቀጥ አሉ።

«አይሆንም፣» አሉ። «የቤቱ ባለቤት እሺ ሳይል በመንግሥት ትእዛዝ የሚቀመጥ ሽማግሌ የለም። ከፈለግህ ተሸክመህ ውሰደኝ፤ ቆሜ ነው የምሄደው።»

አሁን የሁሉም ዓይን አቶ ማቴዎስ ላይ ሆነ። እሳቸውም በእጃቸው ያለውን ድንጋይ አገላበጡት። ወደ መብራቱ አቀረቡት። የሚያሸቱትም መስሎኝ ነበር። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ «የዚህ ጭንቅላቱ በየት በኩል ነው?» አሉኝ።

«በዚህ በኩል፣ ጋሼ።»

ድንጋዩን መለሱት። ከማዶ ቡቺ ዝም አለ። አቶ ማቴዎስ ቀና ብለው ልጃቸውን አዩ፣ የተቀደደ ሱሪዬን አዩ፣ የጋሽ ተሰማን ጉልበት አዩ።

«እሺ፣» አሉ። «ተቀመጡ።»

ጋሽ ተሰማ ቃሉ ሳያልቅ ሶፋው ላይ ነበሩ። ሁለቱም ተከተሏቸው። ሁላችንም አዳመጥን። ደወሏ ትንሽ ስለሆነች አጥር አትሻገርም፤ የሚሰማት ሰው ደግሞ ጓዳው ውስጥ የለም። ሁላችንም እዚህ ነን! ጓድ ሽብሩ፣ «አልደወለም፣» ሊል አፉን ከፈተ።

«ኡኡኡኡ!» አለ ቡቺ።

እትዬ በለጡ ያቋረጡትን እልልታ ካቆሙበት ቀጠሉ። ማርታ ፊቷን በእጆቿ ሸፍና ስታለቅስ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ጋሽ ተሰማን ሳምኩ፣ አቶ ማቴዎስን ሳምኩ፣ ተሳስቼ ጓድ ሽብሩንም ሳምኩ። እሱም ጠመንጃውን አስተካክሎ፣ «ሽቦውን ንቀሉ፤ ለሠርጉ ደግሞ እንዳትረሱኝ፣» ብሎ ወጣ።

አቶ ማቴዎስ በሩ እስኪዘጋ ጠብቀው ወደ እኔ ዞሩ። «እኔ እኮ ልፈቅድ ወስኜ ነበር፣» አሉኝ በዝግታ። «ዜናዬን ሰምቼ ልመለስና እሺ ልላቸው ነበር። ድንጋዮቼን ባትወስድ ኖሮ ይኼኔ በልተን ጠጥተን ነበር።»

ይህን ብለው አራቱን ድንጋዮች ለቃቅመው፣ የዜናው ጭራ ቢደርስልኝ ብለው መኝታ ቤት ገቡ። ድንጋዩ በተነቀለ ተቀባይ ላይ ቺፗ ያላትን አቋም ግን እናንተም እኔም እናውቃለን። ቡቺ ትንፋሽ ሳይወስድ ማላዘኑን ቀጠለ፤ እትዬ በለጡም ባላዘነ ቁጥር ሌላ ሽማግሌ የተቀመጠ እየመሰላቸው እልል ይላሉ። በዚህ መሀል የመኝታ ቤቱ በር ብርግድ አለ። አቶ ማቴዎስ ብርድ ልብሳቸውን እንደተከናነቡ፣ ሬዲዮናቸውን ጆሯቸው ላይ እንደለጠፉ ቆመዋል።

«ልጄን ውሰድ ብያለሁ!» ብለው ጮኹ፣ ቃል የሚቆጥቡት ሰውዬ። «ዜናዬን ግን ተውልኝ!»

የቀረውን የሱሪዬን ቁራጭ አጥሩ ላይ የተውኩት፣ ደወሏን ላጠፋ ስሮጥ ነው።